ቅርፊት የደረበች ዳክዬ

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 4፣ 1997

ለምወድሽና ለማከብርሽ እታለም፣

«ኤሊ ማለት ቅርፊት የደረበች ዳክዬ አይደለች እንዴ?» ያሉት እትዬ ፓሲንግ ናቸው። ሱቃቸው ደጃፍ ላይ ፀሐይ ላይ የተሰጣ ዓሣ እያገላበጡ ነበር የተናገሩት፤ ለማንም ብለው አልነበረም። እኔ ሳሙና ልገዛ ቆሜ ስለነበር ሰምቼ ሳቅሁ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ፕሩደንሲዮ፣ ያ አራተኛ ክፍል ሳለን ጠመኔ ይበላ የነበረው፣ አልሳቀም። ከደረት ኪሱ ማስታወሻ ደብተሩን አውጥቶ ጻፈው።

ደብዳቤ በሰላምታ እንጂ በዳክዬ እንደማይጀመር አላጣሁትም። እንግዲህ ወደ ኋላ ልመለስ፤ እንዴት ከርመሻል? ወገብሽን ተሻለሽ? የምታስታምሚያቸው ሽማግሌ አሁንም ሾርባቸውን ሳይጨርሱ እንቅልፍ ይዟቸው ይሄዳል? ብርዱስ እንዴት ይዞሻል? የላክሽው ሹራብ ደርሶኛል፤ እዚህ አገር ሹራብ የሚያስለብስ ቀን እስኪመጣ በክብር ተቀምጧል። እኛ ሁላችን ደህና ነን። ሁላችን ስልሽ አባባና እኔ ማለቴ ነው።

በመጨረሻው ደብዳቤሽ ጠዋት ጠዋት እነሣ እንደሆነ ጠይቀሽኛል። ጥያቄው ትንሽ ገርሞኛል። ባለፈው ክረምት ብዙ የተኛሁት ዝናብ ስለነበረ ነው፤ ደግሞም ተኝቼ አነብ ነበር። ፊቴን ወደ ግድግዳው ያዞርኩት ብርሃኑ ከጀርባ ስለሚመጣ ነው። ይህን ለአባባም ነግሬአቸው ነበር። አሁን ግን በየቀኑ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እነሣለሁ። የምነሣበትን ምክንያት ልጽፍልሽ ነው ይህን ሁሉ ወረቀት ያዘጋጀሁት፤ ምክንያቱ ደግሞ እንቅልፍ ከነሣኝ ሰንብቷል።

በስልክ ያልነገርኩሽ ስልኩ እትዬ ፓሲንግ ሱቅ ውስጥ ስለሆነ ነው። እዚያ የተነገረ ነገር እስከ ማታ ከጨውና ከክብሪት ጋር ለመንደሩ ይዳረሳል። ይህን ደብዳቤ የእህታቸው ልጅ ኔሊያ ዓርብ ስትሳፈር ይዛልሽ ትመጣለች። ካነበብሽው በኋላ ቅደጂው።

ነገሩ የጀመረው በሙታን ቀን ነው፤ ኖቬምበር 2። እማማ መቃብር ላይ ሻማ አብርተን ስንመለስ ዓሣ አጥማጁ ጋሼ ቴምዮንግ መንገድ ላይ ጠበቁን። በትከሻቸው የሩዝ ጆንያ ተሸክመዋል። ጆንያው ውስጥ መቶ አሥራ ሁለት የባሕር ኤሊ እንቁላል ነበር። ዱሮ ቢሆን ጆንያው በቀጥታ ከተማ ገበያ ይወርድ ነበር፤ እንቁላሉን ለጉልበት ነው እያሉ የሚውጡትን ወንዶች ታውቂያቸዋለሽ። ጉልበታቸው ሲጨምር ያየ ሰው የለም፤ ባሕር ዳር የሚወጡት ኤሊዎች ግን አንቺ ልጅ ሳለሽ ከነበሩት እሩቡ አልቀሩም። አሁን መሸጥ ተከልክሏል። ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የመጣችው ወይዘሪት ፍሎርዴ ለፕሩደንሲዮ ባለ ሠላሳ ሁለት ገጽ መመሪያ ሰጥታ፣ እንቁላሉ ከውሻና ከሰው የሚጠበቅበት ቦታ አዘጋጁ ብላው ሄዳለች። ፕሩደንሲዮ አጥር የለው፣ ጥበቃ የለው። የነበረው የእትዬ ፓሲንግ ንግግር ብቻ ነው።

እናም ኤሊ ቅርፊት የደረበች ዳክዬ ከሆነች፣ በዚህ የባሕር ዳርቻ ስለ ዳክዬ እንቁላል ከአባታችን የበለጠ የሚያውቅ ማን አለ? ፕሩደንሲዮ ይህን ሲያስረዳን ፊቱ ላይ የደስታ ላብ ነበረው። እኔ ደግሞ፣ ሕይወቴን ሙሉ ማንበብ የለመድኩ ሰው፣ ቆሜ ስሰማ ትክክል መሰለኝ። አባባ ጆንያውን ከፈቱና አንድ እንቁላል አውጥተው ዓይነ ቆባቸው ላይ አስደገፉት። «ሞቅ ብላለች» አሉ። ከእሳተ ገሞራው ፍንዳታ በኋላ ረግረጉ በአመድ ሞልቶ የመጨረሻዋ ዳክዬያችን በ94 ከሞተች ወዲህ እንደዚያ ሲያደርጉ አይቼ አላውቅም ነበር።

ከዚያ ያለውን ሳልነግርሽ ታውቂዋለሽ። አባባ የሚያውቁት አንድ መንገድ ነው። ሰገነቱ ላይ ከተደረደሩት ትልልቅ ቅርጫቶች አንዱን አወረዱ፤ በሞቀ የሩዝ ገለባ ፋንታ አሸዋ ሞሉት፤ እንቁላሎቹን በመረብ ከረጢት እየከፈሉ ቀበሯቸው። በዚያው ሳምንት ጋሼ ቴምዮንግ ሦስት ጆንያ ጨመሩ። አራት ቅርጫት፣ አራት መቶ ሠላሳ እንቁላል። ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓትና ከሰዓት በኋላ በአሥራ አንድ ሰዓት ከረጢቶቹ እየወጡ እያንዳንዱ እንቁላል በእጅ ይገለበጣል። ያልተገላበጠ የዳክዬ እንቁላል ይሞታላ፤ ጫጩቱ ከቅርፊቱ ጋር ይጣበቅና ይቀራል። ይህን ገና ጡት ሳንጥል የሰማነው ነገር ነው።

ለማገላበጡ ሁለት ሰው ያስፈልጋል አሉኝ አባባ። ሃምሳ ዓመት ብቻቸውን ሲያገላብጡ ኖረው አሁን ለምን ሁለት ሰው እንዳስፈለገ ጠይቄአቸው ነበር፤ አሸዋ ከገለባ ይከብዳል አሉ። እውነት ነው፣ ይከብዳል። እኔ ከረጢቱን እይዛለሁ፣ እሳቸው ያገላብጣሉ። ሳልመጣ የቀረሁ ቀን ቅርጫቱ አጠገብ ቁጭ ብለው ይጠብቁኛል እንጂ አይጀምሩም። አንድ ጠዋት ሆን ብዬ እስከ ሁለት ሰዓት ተኛሁ። ስወጣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ቁጭ ብለዋል። «ደህና አደርክ? እንቁላሎቹ ሲጠሩህ ነበር» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ አርፍጄ አላውቅም።

አሁን ኃጢአቴን ልናገር። መመሪያውን ፕሩደንሲዮ የሰጠው ለእኔ ነው፣ የተማርክ ሰው ነህ ብሎ። በማተሚያ ቤት አሥራ ዘጠኝ ዓመት አራሚ ሆኜ እንደሠራሁ ታውቂያለሽ፤ ሙያው ሰውን ያበላሻል። በስምንት ገጽ ውስጥ አሥራ አንድ የፊደል ስህተት አገኘሁ፤ ሁሉንም በቀይ ካረምኩ በኋላ በንዴት ዘጋሁት። ኖቬምበር 22 ቀኑን ሙሉ ዘነበና የማነበው አጥቼ ካቆምኩበት ቀጠልኩ። ገጽ ዘጠኝ ላይ ምንም የፊደል ስህተት የለም። እንዲህ ይላል፦ የባሕር ኤሊ እንቁላል ከተጣለ ጥቂት ሰዓት ካለፈው ፈጽሞ አይገላበጥ። ጽንሱ ከላይኛው ሽፋን ጋር ተጣብቆ ያድጋልና ከተገላበጠ ይሞታል።

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ዳክዬዋን የሚያድናት ኤሊዋን ይገድላታል። ለሃያ ቀን በቀን ሁለት ጊዜ፣ በፍቅር፣ ጥፍራችንን ቆርጠን፣ እጃችንን ታጥበን ስንገድል ነበር።

ልነግራቸው ወጣሁ እኮ። ዝናቡ አባርቶ ነበር። አባባ ቅርጫቶቹ መካከል ቁጭ ብለው ያንጎራጉራሉ፤ እማማ ልብስ ስታጥብ የምትለውን። ከማርች ወዲህ፣ ከቀበርናት ወዲህ፣ ድምፃቸውን ለዘፈን ሲያወጡ የሰማሁት ያን ቀን ነው። «ና ያዝልኝ፣ መሽቶብናል» አሉኝ። ከረጢቱን ያዝኩ። ዛሬ ነገ ስል ሳምንት ሞላ። ሳምንት ከሞላ በኋላ ደግሞ ለምን እስካሁን ዝም አልክ የሚለው ጥያቄ ከእንቁላሉ በላይ ከበደኝ።

ከዚህ ሁሉ መካከል አንድ ነገር ብቻ አዳነኝ፤ የአባባ ስንፍና። ከኖቬምበር አጋማሽ ጀምሮ ጋሼ ቴምዮንግ አዲስ እንቁላል አገኘሁ ባሉ ቁጥር አባባ አልቀበልም ይላሉ። ቅርጫት የለኝም፣ በተጣለበት ተወው፣ ዙሪያውን በቀርከሃ እጠርለትና ውሻ አባርር ይሏቸዋል። ጋሼ ቴምዮንግ ተቀይመው እኔ ዘንድ መጡ። «አባትህ ሰገነት ላይ ዘጠኝ ባዶ ቅርጫት ተገልብጦ እያየሁት ቅርጫት የለኝም ይሉኛል፤ እርጅና ነው ወይስ ንቀት?» አሉኝ። እርጅና ነው አልኳቸውና በልቤ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። ሌላው የዘንድሮ እንቁላል እኛ ቅርጫት ሳይገባ የቀረው አባባ ስለደከማቸው ነው።

ኖቬምበር 24 ጋሼ ቴምዮንግ አንዲት ኤሊ ወንዙ ባሕር የሚገባበት አፍ ላይ እንቁላል ጥላ ስትመለስ አይተው ነገሩኝ። ለማንም አትንገሩ አልኳቸው። በዘንባባ ቅጠል ዱካዋን ጠረግሁ፣ ቀርከሃ አጠርኩ፣ በየቀኑ ጠዋት ከማገላበጡ በኋላ እየሄድኩ አየዋለሁ። ከወንዙ ማዶ ያለው መዝናኛ ሆቴል መብራቱን ሌሊቱን ሙሉ እያበራ ያድራል፤ የተፈለፈሉ ኤሊዎች ብርሃኑን ባሕር መስሏቸው ወደ አስፋልቱ ይወጣሉ። አምና ጠዋት መኪና የደፈጠጣቸውን በአካፋ ሲሰበስቡ አይቻለሁ። ስለዚህ በዚያ በኩል የተቀደደ ምንጣፍ ሰቀልኩ። አሸዋ የሚጭኑት መኪናዎች ደግሞ በየሳምንቱ እየተጠጉ ነው፤ ሾፌሩን ስለምነው ለምን እንደሆነ ጠየቀኝ፣ የቀበርኩት ዘመድ አለ አልኩት። ባርኔጣውን አውልቆ ይቅርታ ጠየቀኝ። እስካሁን በዚያ አይመጣም።

የኛ ቅርጫቶች ከገና በፊት መፈልፈል ነበረባቸው። አልተፈለፈሉም። አባባ፣ የዳክዬ እንቁላል የሚወጣበትን ቀን በአንድ ቀን እንኳ ስተው የማያውቁት ሰውዬ፣ ዘንድሮ ዲሴምበር ቀዝቀዝ ብሏል አሉ። ቅርጫቶቹ መሽተት ጀመሩ፤ የባሕር ነገር ሁሉ ይሸታል አሉ። ከገና በኋላ ማገላበጡን ትተን መጠበቅ ብቻ ሆነ። ጠዋትና ማታ ቅርጫት ዙሪያ ቁጭ ብለን እንጠብቃለን። ሰው ሲጠብቅ ያወራል። እማማን ለጋብቻ ሊጠይቁ የመጡ ቀን ይዘዋት የመጡት ዳክዬ አምልጣ ቄሱ ቤት እንደገባች ነገሩኝ። እኔም ለአንቺ ያልነገርኩሽን ነገርኳቸው፤ ማተሚያ ቤቱ ያሰናበተኝ እማማ ከመሞቷ ስድስት ወር በፊት መሆኑን፣ እነዚያን ስድስት ወራት በየጠዋቱ ለብሼ እየወጣሁ ማኒላ ባቡር ጣቢያ ተቀምጬ እውል እንደነበር። እሳቸው ሙዝ ልጠው ግማሹን ሰጡኝ።

ጃንዋሪ 15 ማለዳ የወንዙ አፍ ጎጆ ተፈለፈለ። አሸዋው እንደሚፈላ ገንፎ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ሰማኒያ ስምንት ናቸው። አርባ ስምንቱን ወደ ባሕር ለቀቅኩ። አርባውን በልብስ ማጠቢያ ሳፋ፣ እርጥብ ጆንያ አልብሼ፣ አባባ ሳይነሡ ወደ ቤት አመጣሁ። አራተኛውን ቅርጫት ከፍቼ የሞቱትን እንቁላሎች አውጥቼ ከሙዙ ሥር ቀበርኩ፤ አርባዎቹን በስሱ አሸዋ አለበስኳቸው። ከዚያ ተመልሼ ተኛሁ፣ በአሥራ ሁለት ሰዓት እንደተለመደው ተነሣሁ።

አባባን ያን ጠዋት ብታያቸው። አንዷን አንሥተው መዳፋቸው ላይ አደረጉ። በአውራ ጣታቸው ጀርባዋን ጠረግ አደረጉላት፤ ጣታቸውን አዩ። ከፍንዳታው ወዲህ የወንዙ አፍ አሸዋ አመድማ ነው፣ የኛ ቅርጫት አሸዋ ቢጫ ነው። ይህ ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው። አባባ ግን ጣታቸውን ቁምጣቸው ላይ ጠርገው ቀና ብለው አዩኝ። «ጎበዝ» አሉ። ለኤሊዋ መሰለኝ።

እዚያ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት። ፕሩደንሲዮ ሰማና ፎቶ አንሺ እስኪመጣ ማንም ኤሊ ወደ ባሕር አይገባም ብሎ አዘዘ። ፎቶ አንሺው በአራት ሰዓት መጣ። አሸዋው ግሎ ነበር፣ ግልገሎቹ ደክመው ነበር፣ የባሕር ወፎቹ ግን አልደከሙም። ከአርባው ዘጠኙ ውኃ ሳይነኩ ተበሉ። እነዚያ ዘጠኝ በኔ ሒሳብ ናቸው። ጋዜጣው ላይ ፕሩደንሲዮ አንዷን ገልብጦ ይዞ ይስቃል፤ ከሥሩ፣ የአንድ አዛውንት ባህላዊ የማገላበጥ ዘዴ ውጤት አስገኘ ይላል። ሁለት የፊደል ስህተት አለው።

እንግዲህ የጨነቀኝ ይህ ነው። በመጪው ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ከሰሜን በኩል ካሉት ሦስት የባሕር ዳር ቀበሌዎች ሰዎች ይመጣሉ። ቅርጫት አሠርተዋል፣ መረብ ሰፍተዋል። እነሱ ጋ አሁንም እንቁላል እየተጣለ ነው። አባባ ማገላበጥ ሊያስተምሯቸው ነው። እሺ ብለዋል፤ እሺ ሲሉም ፈገግ ብለዋል። ዝም ካልኩ ከቅዳሜ በኋላ በሦስት ባሕር ዳር ያለው እንቁላል ሁሉ በቀን ሁለት ጊዜ፣ በታጠበ እጅ፣ ይገደላል። ከተናገርኩ ደግሞ ሰባ አራት ዓመት የሞላቸው አባቴ በሕዝብ ፊት፣ የሚኮሩበት እጃቸው ምን እንደሠራ ይሰማሉ።

ስለዚህ እለምንሻለሁ። ኔሊያ ዓርብ ማታ ደብዳቤውን ታደርስሻለች። ቅዳሜ ከሦስት ሰዓት በፊት ሱቅ ደውዪና አባባን አስጠሪልኝ። አመመኝ በይ። አልቅሺ። አንቺ ካለቀስሽ እስከ ምሳ ስልክ አይዘጉም፤ እኔም እሳቸው በሌሉበት ለሰዎቹ ገጽ ዘጠኝን አነብላቸዋለሁ። ውሸት አስለመድከኝ እንዳትዪኝ። ጊዜ ቢኖረኝ የተሻለ ውሸት አስብ ነበር።

ረቡዕ

ዛሬ ልነግራቸው ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። ቁርስ ላይ አፌን ስከፍት፣ ሩዙ ላይ ነጭ ሽንኩርት አበዛሁ መሰለኝ አሉ፤ አልበዛም አልኩ። ምሳ ላይ ጎረቤት መጣ። ከሰዓት በኋላ እስከ ወንዙ አፍ ሄጄ ተመለስኩ፣ እንደገና ሄድኩ፣ እንደገና ተመለስኩ። እትዬ ፓሲንግ ከሱቃቸው ሆነው፣ አንተ ሰውዬ እንቁላል ልትጥል ቦታ እየፈለግህ ነው እንዴ ብለው ሳቁብኝ።

ሐሙስ

እታለም፣ ማክሰኞ የለመንኩሽን ተዪው። አትደውዪ፣ አታልቅሺ። ሳልነግራቸው ነገርኳቸው።

ዛሬ ጠዋት አባባ በረንዳው ላይ የአንድ ቅርጫት አፍ ሲጠግኑ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። አራሚው፣ አሉኝ፤ እንደዚያ የሚጠሩኝ ደስ ሲላቸው ነው። የዚያችን የመሥሪያ ቤት ልጅ መጽሐፍ አምጣና አንብብልኝ፣ ቅዳሜ በባዶ አፍ አልቆምም አሉ። ረጅም ነው አባባ አልኳቸው። «ቀጠሮ አለህ?» አሉኝ።

ከመጀመሪያው ገጽ ጀመርኩ። ስለ ውሻ፣ ስለ መብራት፣ ስለ አሸዋ ጫኝ መኪና፣ ስለ ዓሣ መረብ እያነበብኩ ሄድኩ። ወደ ስምንተኛው ገጽ ስጠጋ ቀስ አልኩ። ሁለት ገጽ አብሬ ልገልጥ አስቤ ነበር፤ እውነቱን ነው የምነግርሽ፣ ጣቴ ሁሉ ይዞት ነበር። ግን ሦስት የባሕር ዳርቻ ትዝ አለኝ። ገጽ ዘጠኝን አነበብኩ። ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ ይመስል ነበር።

አባባ የቀርከሃ ልጣጩን በጥርሳቸው ይዘው ነበር። አወጡትና «ድገምልኝ» አሉ። ደገምኩ።

ከዚያ፣ ቅዳሜ ከዚህ ገጽ ትጀምርላቸዋለህ፣ እኔ ጉሮሮዬን ይዞኛል፣ ፊት ለፊት ቁጭ ብዬ እሰማለሁ አሉኝ። ጉሮሯቸው ምንም አልሆነም። የኛዎቹስ አባባ፣ ስለኛዎቹ ምን እላቸዋለሁ አልኳቸው።

«የአራቱንም ቅርጫት ነገር ትነግራቸዋለህ፣ እንደሆነው» አሉ። «ስህተትን ከአራሚ የተሻለ ማን ይናገራል?»

ቅርጫታቸውን ቀጠሉ። እኔ ግን ልክ እንደ እንቁላሎቹ ገለበጥኳቸው ብዬ አስባለሁ። ሃምሳ ዓመት ያመኑትን እጅ በአንድ ዓረፍተ ነገር ገደልኩባቸው። አላለቀሱም፣ አልተቆጡም፤ ይኸው ነው ያስፈራኝ። አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ብለው፣ ገጽ አሥራ አንድን አንብብልኝ አሉ፤ አሸዋው ከሞቀ ግልገሎቹ ሴት፣ ከቀዘቀዘ ወንድ ይሆናሉ የሚለውን። ሰምተው፣ ያቺን የመጀመሪያዋን ሞቅ ብላለች ብዬህ አልነበር፣ ሴት ነበረች አሉ።

ከምሳ በኋላ ደግሞ አዲስ ነገር ወሰኑ። ከእንግዲህ እንቁላሉ በተጣለበት ይቀራል፤ ባሕር ዳሩን በየማለዳው የሚዞር፣ አጥር የሚያጥር፣ ውሻ የሚያባርር፣ ሆቴሉን መብራት አጥፉ እያለ የሚጨቀጭቅ ሰው ያስፈልጋል። እሳቸው ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው እኔ ነኝ የምዞረው። ይህን የነገሩኝ ሰገነቱ ላይ ለመውጣት መሰላል ሲወጡ ነው። ፕሩደንሲዮ ተስማምቶ ደብተሩ ላይ ጽፎታል። ስለዚህ ለጥያቄሽ መልሱ፣ አዎ፣ ወደፊትም እነሣለሁ፤ አሁን ደግሞ በአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል።

የምለምንሽ አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል። እሑድ ደውዪላቸው። እኔ እንደጻፍኩልሽ አትንገሪያቸው፤ ዝም ብለሽ ስለ ሽማግሌሽ፣ ስለ ሾርባው አጫውቺያቸው። የጠዋት ሥራቸውን ወስጄባቸዋለሁ። ሰው ሥራ ካጣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል፤ እንደዚያ እንዳይሆኑብኝ እፈራለሁ።

ወገብሽን ፈጣሪ ያጽናልሽ። ባሕር ማዶ ያለው እጅሽ ሲሠራ አይድከም፣ እግርሽ ወደ ቤትሽ የሚመለስበትን ቀን ያቅርብልን። እማማም ካለችበት ትጠብቅሽ። ሹራቡን ለመጪው ገና እለብሰዋለሁ።

በናፍቆት የሚያስብሽ
ታናሽ ወንድምሽ

ዓርብ ጠዋት። ኔሊያን ስጠብቅ ጣራው ስለሚያፈስ አባባ እንቁላል የሚያዩባትን ባለቀዳዳዋን ሳጥን ከሰገነቱ አወረድኳት። ፋኖሱን ውስጧ አስገብተው እንቁላሉን ቀዳዳዋ ላይ ሲያስደግፉ፣ በሕይወት ያለው ውስጡ ቀይ ክር ይታያል፣ የሞተው ምንም አይታይበትም፤ ማን ያያል ብለን ስንት ቀን ተጣልተንባታል። እንደምታውቂው በአሥራ አንደኛው ቀን አንድ እንቁላል ሳያዩ አልፈው አያውቁም፤ ያዩበትንም ቀን ጎኗ ላይ በእርሳስ ይጽፋሉ። ዝርዝሩ አሁንም አልጠፋም። ከታች ሁለተኛው ሜይ 94 ይላል። የመጨረሻው ኖቬምበር 13፣ 96 ይላል፤ የመጀመሪያው ጆንያ በመጣ በአሥራ አንደኛው ቀን።